የሰው ስምና የምላስ ወሰን፦ ከመዲና የተገኘ የሕግ ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው ርዕሳችን የሰው ስም ነው። አንድ ሰው የመናገር መብቱ እስከ የት ይደርሳል? የሌላው ክብርና መልካም ስምስ ከየት ጀምሮ ይጠበቃል? ጉዳዩ የጋዜጠኞችና የጠበቆች ብቻ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ መስጂድ በር ላይ ቆመን የስንቱን ሰው ስም አንስተን እንደጣልን ብናስብ ጉዳዩ የሁላችንም ሆኖ እናገኘዋለን። ዛሬማ በእጅ ስልክ አንዲት ጣት ተጭና የምትልከው ወሬ ከከተማ ከተማ ለመድረስ ምሽት እንኳ አያስፈልገውም።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያጋጥሙናል። አንደኛው እስልምና አፍ መዝጋትን እንጂ የመናገር ነፃነትን አያውቅም ይላል። ሌላው ደግሞ የራሳችን ወገን ነው፤ ሹም ሲተች፣ አሚር ሲጠየቅ፣ ገንዘብ ያዥ ሒሳብ አሳይ ሲባል «ሐሜት ሐራም ነው» ብሎ ነገሩን ሁሉ ይዘጋዋል። ሁለቱም ታሪኩን በቅጡ አላነበቡትም ብለን እናምናለን። እናም ክርክሩን ለጊዜው ትተን ወደ መዲና እንመለስ።

ዘመኑ ከሂጅራ በኋላ 5ኛው ወይም 6ኛው ዓመት ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች በዓመቱ ላይ ይለያያሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከበኑ ሙስጠሊቅ ዘመቻ እየተመለሱ ነው። በጉዞው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አብረዋቸው አሉ። ሠራዊቱ በሌሊት ሊነሳ ሲል እናታችን ለጉዳያቸው ራቅ ብለው ሄዱ፤ ሲመለሱም አንገታቸው ላይ የነበረው የየመን ዶቃ ሐብል ተበጥሶ መጥፋቱን አወቁ። ሊፈልጉት ተመለሱ። በዚህ መሐል ሐውደጁን (በግመል ላይ የሚጫነውን የሴቶች መቀመጫ ማለት ነው) የሚጭኑት ሰዎች እናታችን ውስጡ ያሉ መስሏቸው አንስተው ጫኑት። በዚያ ዘመን ሴቶች ሥጋ ያልበዛባቸው ቀላሎች ስለነበሩ ሰዎቹ የክብደቱን ማነስ ልብ አላሉትም። እናታችን ሐብሉን አግኝተው ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ፈላጊ ይመጣል ብለው እዚያው ቁጭ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከሠራዊቱ ኋላ ቀርተው የነበሩት ሶፍዋን ኢብኑል ሙዐጦል (ረ.ዐ) ጎህ ሲቀድ ደረሱ። ከሒጃብ ድንጋጌ በፊት አይተዋቸው ስለነበር አወቋቸው፤ «ኢንና ሊላሂ» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሯቸውም። ግመላቸውን አንበርክከው እናታችንን አስቀመጡና እየጎተቱ ሄዱ። ሠራዊቱ በቀትር ሙቀት ካረፈበት ቦታ ደረሱ። የሆነው ይህ ብቻ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከራሳቸው ከእናታችን አንደበት የዘገቡት ታሪክ ነው።

የሙናፊቆቹ መሪ ዐብደላህ ኢብን ኡበይ የጠበቀው ግን እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ነበር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በአንድ ግመል መጡ፤ ለወሬ ይህ ይበቃል። በሬ ወለደ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ወሬው መዲና ገባ። እናታችን ታመው ስለነበር ለአንድ ወር ያህል ምንም አልሰሙም። የታዘቡት ነገር ቢኖር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲታመሙ ያሳዩአቸው የነበረውን ርኅራኄ መቀነሳቸውን ብቻ ነበር። በመጨረሻ የሰሙት በአጋጣሚ ነው። ከኡሙ ሚስጠሕ ጋር ሌሊት ሲወጡ ሴትየዋ በልብሳቸው ተጠልፈው ሊወድቁ ሲሉ የገዛ ልጃቸውን ሚስጠሕን ረገሙ። እናታችንም በበድር የተዋጋን ሰው ትረግሚያለሽን ብለው ተቆጡላቸው። ልብ በሉ! ስማቸውን ሲያጠፉ ለከረሙት ሰው ጥብቅና መቆማቸው ነበር። ያን ጊዜ ነው ኡሙ ሚስጠሕ ወሬውን የነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ለቅሶ እንጂ እንቅልፍ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድናስተውል እንፈልጋለን። የተወራባቸው የመዲና መሪ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ነቢይ ናቸው፣ ዳኛ ናቸው፣ የሠራዊት አዛዥ ናቸው። በዘመኑ የነበሩትን የሮምና የፋርስ ነገሥታት ብናስብ በንግሥቲቱ ላይ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሰው በማግስቱ በሕይወት መኖሩ ያጠራጥር ነበር። በመዲና ግን በዚያ አንድ ወር ውስጥ ማንም አልታሰረም፣ ማንም አልተገረፈም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያደረጉት መጠየቅ ነው። የቅርብ ሰዎቻቸውን አማከሩ። የቤቱን አገልጋይ በሪራን (ረ.ዐ) ጠየቁ፤ በሪራም የማያት ነውር ቢኖር ሊጥ አቡክታ እንቅልፍ ይወስዳትና የቤት እንስሳው ገብቶ ይበላባታል፣ ከዚህ የከፋ አላውቅባትም አሉ። ባለቤታቸውን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) ጠየቁ፤ ጣውንት ናቸውና ክፉ ለመናገር ምክንያት አላጡም ነበር። እሳቸው ግን ዓይኔንና ጆሮዬን እጠብቃለሁ፣ ከመልካም በቀር አላውቅም ብለው መሰከሩ። እኅታቸው ሐምና ግን ለእኅታቸው የወገኑ መስሏቸው ወሬውን ከሚያናፍሱት ጋር ሆኑ። በሚንበር ላይ ጉዳዩ ሲነሳ አውስና ኸዝረጅ ተነሳስተው ሊጋጩ ደረሱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አረጋጓቸው። የአንዲት ሴት ስም ሲጎድፍ አንድ ከተማ ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሱረቱ አን-ኑር አንቀጾች፣ ከ11ኛው ጀምሮ ያሉት፣ ወረዱ። እናታችን ነፃ መሆናቸው በቁርኣን ታወጀ። በዚሁ ሱራ 4ኛው አንቀጽ የተደነገገው ሕግ ሦስት ነገሮች አሉት። በጥብቅ ሴቶች ላይ የዝሙት ክስ የሚያቀርብ ሰው አራት ምስክሮች ማምጣት አለበት። ካላመጣ ሰማንያ ግርፋት ይገረፋል። ከዚያም ምስክርነቱ አይቀበልም። ፉቀሃእ ይህንን የቀዝፍ ሐድ ይሉታል፤ ወንድ ቢወነጀልም ሕጉ አንድ ነው። ዛሬ በሕግ ቋንቋ የማስረዳት ሸክም የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ወዴት እንዳረፈ አስተውሉ። ስሟ የጠፋባት ሴት ንጽሕናዋን እንድታስረዳ አልተጠየቀችም፤ የተጠየቀው ተናጋሪው ነው። «ሰምቼ ነው» ማለትም ማምለጫ አልሆነም፤ 15ኛው አንቀጽ ሰዎቹን የሚወቅሰው የማያውቁትን ነገር በምላሳቸው እየተቀባበሉ ቀላል አድርገው በማየታቸው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቅጣቱ ቁጥር አለው። ሰማንያ ነው፤ የመሪ ባለቤት ስለሆነች መቶ፣ የእረኛ ሚስት ስለሆነች ሃምሳ አልተባለም።

በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ዘገባ መሠረት የተገረፉት ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው፤ እነሱም ሚስጠሕ ኢብን ኡሣሣ፣ ገጣሚው ሐሳን ኢብን ሣቢትና ሐምና ቢንት ጀሕሽ መሆናቸው ይታወቃል። ሦስቱም ሙእሚኖች ናቸው። ነገሩን የጫረው ኢብን ኡበይስ? ብዙዎቹ ዑለማእ አልተገረፈም ይላሉ። ኢብኑል ቀይም (በ751 ዓ.ሂ. የሞቱት) ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ሲዘረዝሩ ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ሰውየው ወሬውን እየሰበሰበ፣ እያስጌጠ፣ በሌላ ሰው አፍ ያስወራ ስለነበር በራሱ ላይ የሚቆም ማስረጃ አልተገኘም የሚለው ነው። ይህ አንባቢን ሊያስቆጭ ይችላል፤ እኛንም ያስቆጨናል። ሆኖም ሕግ በጥርጣሬ አይገርፍም። ብልጡ ይጽፋል፣ የዋሁ ያስተላልፋል፤ ሲያዝ የሚገኘው የዋሁ ነው። ይህ ዛሬም አልተለወጠም።

ሚስጠሕ ድሃ ነበሩ፤ የሚኖሩትም ዘመዳቸው አቡበከር (ረ.ዐ) በሚሰጧቸው ቀለብ ነው። አቡበከር የልጃቸው ስም በዚህ ሰው ምላስ ሲጎድፍ ካዩ በኋላ ዳግመኛ ምንም ላልሰጠው ብለው ማሉ። ማን ይወቅሳቸዋል? ነገር ግን የዚያው ሱራ 22ኛ አንቀጽ ወረደ፤ ባለጸጎች ለዘመድ፣ ለድሃና ለስደተኛ ላለመስጠት እንዳይምሉ፣ ይልቁንም ይቅር እንዲሉ ጠየቀ። አቡበከር ቀለቡን መለሱ። ሰማንያው ግርፋት ዕዳውን ከፍሏል፤ ከዚያ በላይ የሰውየው እንጀራ አይቆረጥም ማለት ነው። ዛሬ አንድ ሰው ቢሳሳት ከሥራው፣ ከሰፈሩ፣ ከዕድሩ እስኪጠፋ የምናሳድድ ሰዎች ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ አንብበነዋል?

ሕግ ሲወጣ መሸሸጊያ የሚፈልግ አይጠፋም። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ሁለት ሰዎች ተሰዳደቡ። አንደኛው ቃሉን መርጦ የእኔ አባት ዘማዊ አይደለም፣ እናቴም ዘማዊት አይደለችም አለ። በግልጽ የሰደበው ሰው የለም። ዑመር ሰዎችን አማከሩ፤ አንዳንዶቹ አባትና እናቱን ነው ያመሰገነው አሉ። ሌሎቹ ግን አባትና እናቱ ሌላ ምስጋና ነበራቸው፣ ይህን ለምን መረጠ ሲሉ መለሱ። ዑመርም ሐዱን አስፈጸሙበት። ኢማም ማሊክ በሙወጦእ የዘገቡት ይህ ፍርድ የመዝሀባቸው መሠረት ሆነ፤ በአሽሙር የተነገረ ቀዝፍ በማሊክ ዘንድ እንደ ግልጹ ነው። አቡ ሐኒፋና ሻፊዒይ ግን በአሽሙር ብቻ ሐድ አይፈጸምም አሉ፤ ቃል ሁለት ትርጉም ካለው ጥርጣሬው ለተከሳሹ ነውና። ዛሬ በየሀገሩ ፍርድ ቤቶች የሚያከራክረውን ይህን ጥያቄ እነዚያ ዑለማእ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት ተከራክረውበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመን ግን የገጣሚው የሑጠይአ ጉዳይ ነው። ሑጠይአ በስድብ ግጥም የታወቀ፣ ሰው ከምላሱ የሚሸሸው ሰው ነበር። ዚብሪቃን ኢብን በድር የተባሉትን የተሚም ጎሣ አለቃ በግጥም ነካቸው። ግጥሙ ላይ ላዩን ሲያዩት ስድብ የለበትም፤ ሰውየው ለክብር መድከሙን ትቶ እንዲቀመጥ፣ የሚበላውና የሚለብሰው እንደማያጣ ይነግረዋል። ዚብሪቃን ለዑመር ከሰሱ። ዑመር ግጥሙን ሰምተው ወቀሳ እንጂ ስድብ አልታያቸውም። ከሳሹ ግን ወንድነቴ መብላትና መልበስ ብቻ ሆነን ብለው አመለከቱ። ዑመር በራሳቸው ስሜት አልፈረዱም፤ ባለሙያ አስጠሩ። የመጡት ማን ናቸው? ሐሳን ኢብን ሣቢት! በእናታችን ስም ተገርፈው የነበሩት ሐሳን። ሐሳን ግጥሙን መዝነው ስድብ ብቻ ሳይሆን ከስድብም የከፋ ነው ሲሉ ፈረዱ። ሑጠይአም ታሰረ። ከእስር ቤት ሆኖ ስለ ትንንሽ ልጆቹ የላከው ግጥም ዑመርን አስለቀሳቸውና ዳግም የሰው ክብር እንዳይነካ ቃል አስገብተው ፈቱት። በኋላም በዚያ ምላስ ላይ የሙስሊሞችን ክብር በሦስት ሺህ ዲርሃም ገዙት ተብሎ ይተረካል። ስድብ እንጀራው የሆነ ሰው እንጀራ ካልተተካለት ወደ ስድቡ እንደሚመለስ ዑመር አውቀዋል።

እስካሁን ያየነው አንዱን ወገን ነው። በዚያው በዑመር ዘመን የኩፋ ሰዎች በገዥያቸው በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) ላይ አቤቱታ አቀረቡ። ሰዕድ የጀነት ብሥራት ከተነገራቸው አሥሩ አንዱ ናቸው። ከሳሾቹ ሶላት እንኳ በደንብ አያሰግድም እስከማለት ደረሱ። ዑመር ከሳሾቹን ዝም አላሰኟቸውም። ሰዕድን ጠርተው ጠየቁ፤ ከሹመት አነሱ፤ ከዚያም አጣሪ ከሰዕድ ጋር ወደ ኩፋ ላኩ። አጣሪው አንድም መስጂድ ሳያስቀር ሕዝቡን ጠየቀ፤ ሁሉም አመሰገኑ። በበኑ ዐብስ መስጂድ ግን አቡ ሰዕዳ የሚባል ሰው ተነስቶ ሰዕድ አብሮ አይዘምትም፣ በእኩል አያካፍልም፣ በፍትሕ አይፈርድም አለ። ሦስቱም በሥልጣን አያያዝ ላይ ያነጣጠሩ ክሶች ናቸው። ሰዕድ ይገረፍልኝ አላሉም፤ ሰውየው ዋሽቶ ለታይታ ቆሞ ከሆነ ዕድሜው እንዲረዝም፣ ድህነቱም እንዲረዝም፣ ለፈተና እንዲጋለጥ ወደ አላህ ለመኑ። ሰውየው ቅንድቡ ዓይኑ ላይ እስኪወድቅ አርጅቶ መንገድ ላይ ልጃገረዶችን ሲለክፍ ይታይ እንደነበር፣ ሲጠየቅም የሰዕድ ዱዓ አግኝቶኛል ይል እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል።

የሰዕድ ስምስ? ዑመር ተወግተው በሞት አፋፍ ሳሉ ተተኪ ከሚመርጡት ስድስት ሰዎች መሐል ሰዕድን ሰየሙ፤ ከሹመት ያነሷቸውም በድክመት ወይም በክህደት እንዳልሆነ በሕዝብ ፊት ተናገሩ። በአደባባይ የተነሳ ስም በአደባባይ ተመለሰ።

እንግዲህ ወሰኑ የት እንደተሠመረ ይታየናል። በሰው ገመና፣ በአልጋው፣ በትውልዱ ላይ የሚነገር ቃል ማስረጃ ወይም ግርፋት ይጠብቀዋል። በሹም አሠራር ላይ የሚነገር ቃል ግን ምርመራ እንጂ ጅራፍ አይጠብቀውም፤ ክሱ ኋላ መሠረት የሌለው ሆኖ ቢገኝም እንኳ። ቁርኣንም በሱረቱ አን-ኒሳእ 148ኛ አንቀጽ ክፉ ቃል በይፋ መነገሩን አላህ እንደማይወድ ከገለጸ በኋላ የተበደለውን ሰው ለይቶ አውጥቶታል። ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ባሌ አቡ ሱፍያን ንፉግ ነው ብለው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያመለክቱ ባልሽን አማሽ አልተባሉም፤ ለእሳቸውና ለልጆቻቸው የሚበቃውን በአግባቡ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው።

የሐዲስ ዑለማእ ደግሞ ነገሩን ወደ ሙያ አሳደጉት። ሐዲስ የሚያስተላልፍ ሰው ውሸታም ወይም ዝንጉ ከሆነ ስሙን ጠርቶ መናገር ግድ ሆነባቸው። ሹዕባ (በ160 ዓ.ሂ. የሞቱት) ይህን ሥራ ለአላህ ሲባል የሚደረግ ሐሜት ይሉት ነበር። ዐሊ ኢብኑል መዲኒ (በ234 ዓ.ሂ. የሞቱት) ስለ ገዛ አባታቸው ሲጠየቁ ሌላ ሰው ጠይቁ አሉ፤ ሲደጋገምባቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና ጉዳዩ ዲን ነው፣ አባቴ ደካማ ነው ሲሉ መሰከሩ። ኢማም ቡኻሪ በበኩላቸው ቃል ይቆጥቡ ነበር፤ ሌሎች ውሸታም የሚሉትን ሰው ብዙ ጊዜ «ስለሱ ዝም ብለዋል» ወይም «መታየት አለበት» ብለው ያልፉታል። አንባቢው ይገባዋል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ግን የሰው ሥጋ አልተበላም። ኢማም ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ. የሞቱት) ከገዛሊ ተቀብለው የሰውን ነውር መናገር የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ አቤት ማለትን፣ መጥፎን ለማስቆም እርዳታ መጠየቅን፣ ፈትዋ መጠየቅንና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን ከነዚሁ መድበዋል። «ሐሜት ሐራም ነው» ብለው ሒሳብ የሚሸፍኑ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት መልካም ነበር።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት የሙስሊሞች ስም የተጠበቀበት አንድ ችሎት ሐበሻ ምድር ላይ ተቀምጦ ነበር። የቁረይሽ መልእክተኞች ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓ ለሹማምንቱ ስጦታ አድለው፣ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ለመኑ። ነጃሺ የተወነጀሉትን ሳልሰማ አልሰጥም አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) የተናገሩት ያን ዕድል በማግኘታቸው ነው።

በዘመናችን የወጣው ሕግስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰው ሰብዓዊ ክብርና መልካም ስም እንዲከበር ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 29 የመናገር ነፃነትን ይሰጣል፤ በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 6 ደግሞ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይገልጻል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 613 የሰውን ስም ለመጉዳት አስቦ የተናገረ ሰው የተናገረው እውነት ቢሆንም ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግግና፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ የተናገረውን ከዚያ አክብዶ ያየዋል። ሐሜትና ቡህታንን ለይቶ የተማረ ሙስሊም ይህ አደረጃጀት እንግዳ አይሆንበትም። የመገናኛ ብዙኃን ዐዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል እንዳያስጠይቅ አድርጎ ጉዳዩን ወደ ፍትሐ ብሔር ካሳ መልሶታል። በእኛ አስተያየት ይህ በጎ እርምጃ ነው። የወንጀሉ በትር ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ሹምን በሚጠይቀው ሰው ጀርባ ላይ ነውና። ሆኖም ካሳ ለመጠየቅ ጠበቃ መቅጠር የማትችለው ድሃ ሴት ስሟ ሲጠፋ ማን ይቁምላት የሚለው ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሐሳን ኢብን ሣቢት ይህን የሚያውቁት ይመስለናል። በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ ሳለ ወደ እናታችን ዓኢሻ ቤት ይገቡ ነበር። ታቢዒዩ መስሩቅ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ታስገቢያለሽ ሲሏቸው ከዓይነ ስውርነት የከፋ ምን ቅጣት አለ አሉ፤ ደግሞም ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በግጥሙ ይከላከል ነበር ሲሉ አስታወሱ። የእኅታቸው ልጅ ዑርዋ ሐሳንን ሲሰድቡም ከልክለዋቸዋል። አንድ ቀን ሐሳን እናታችንን የሚያወድስ ግጥም አሰሟቸው፤ ጥብቅ መሆናቸውን፣ የማያውቁ ሴቶችን ሥጋ በሐሜት የማይበሉ መሆናቸውን የሚናገር ነበር። እናታችን አዳምጠው ሲያበቁ፣ አንተ ግን እንዲህ አልነበርክም አሏቸው።